ከግሪን ሪቨር እስከ ሰላይና

በአሜሪካን አገር፣ በዩታ ግዛት፣ ግሪን ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከተማይቱን ወደ ምዕራብ ለቆ የሚወጣ መንገደኛ በትልቁ አውራ ጎዳና ዳር የቆመ አንድ ሰሌዳ ያገኛል። ሰሌዳው ነገር አያበዛም። ከዚህ ወዲያ ከ100 ማይል በላይ ለሚሆን መንገድ ምንም ዓይነት አገልግሎት እንደማይገኝ ብቻ ይናገራል። ይኸውም ቤንዚን የለም፣ ምግብ የለም፣ መኝታ የለም፣ ጎማ የሚጠግን ሰው የለም ማለት ነው። የሚቀጥለው የቤንዚን ማደያ የሚገኘው ሰላይና በምትባለው ከተማ ሲሆን ርቀቱ 105 ማይል ወይም 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውድ አንባቢ፣ ይህን በአገራችን መንገድ ለመመዘን ቢፈልጉ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ጎሐ ጽዮን ሊደርሱ ጥቂት እስኪቀርዎ ድረስ አንድም ቤት ሳያዩ እንደ መጓዝ ያህል ነው።

ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 በፈረሙት ሕግ ከተሠሩት የአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ሁሉ መካከል እንዲህ ያለ ረዥም ባዶ መንገድ ሌላ የለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሀብት በሞላበት፣ በየመንታ መንገዱ ሦስትና አራት የቤንዚን ማደያ ተደርድሮ ደንበኛ በሚሻማበት አገር ይህን የመሰለ ምድረ በዳ መኖሩ ያስገርማል።

መንገዱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በዴንቨርና በጎረቤትዋ በኦሮራ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ በላስ ቬጋስም እንዲሁ። ሠርግ ሲሆን፣ ልቅሶ ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ይመላለሳሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 750 ማይል ወይም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን የሚሄደው ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም፤ ነገር ግን አምስት ሰው፣ በርበሬና ድርቆሽ የታጨቀበት ሻንጣ፣ ለአራስ የሚወሰድ ገንፎ ዱቄት ያለበት ቤተሰብ መኪናውን ይመርጣል። መኪናውም ብዙ ጊዜ ሃይብሪድ ነው። ከዘመዶቻችን ብዙዎቹ በታክሲ ሥራ ስለሚተዳደሩ፣ ቤንዚን የሚቆጥብ መኪና ለእነርሱ ጌጥ ሳይሆን እንጀራ ነው።

ስለ ሃይብሪድ ጥቂት ማስረዳት ተገቢ ነው። ሃይብሪድ ማለት ድቅል ማለት ነው፤ በቅሎ ከአህያና ከፈረስ እንደምትወለድ ይህም መኪና ከቤንዚን ሞተርና ከኤሌክትሪክ ሞተር የተዳቀለ ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው፣ የሃይብሪድ ባለቤቶችም ስለ መኪናቸው ሲያወሩ ኤሌክትሪኩን ያነሣሉ እንጂ ቤንዚኑን አያነሡም። እውነቱ ግን፣ ከግድግዳ ሶኬት የማይሞላ ሃይብሪድ ኃይሉን ሁሉ ከቤንዚን ነው የሚያገኘው። የብልሃቱ ምስጢር ፍሬን ላይ ነው። በሌላ መኪና ፍሬን ሲያዝ በከንቱ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን ኃይል ሃይብሪዱ በኤሌክትሪክ ሞተሩ አማካይነት ወደ ባትሪ ይመልሰዋል፤ መኪናው እንደገና ሲነሣም ያንኑ ኃይል ይጠቀምበታል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ፣ መቆምና መሄድ በበዛበት ስፍራ፣ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ጃፓኖች በ1997 በአገራቸው፣ በ2000 ደግሞ በአሜሪካን ለገበያ ያቀረቡት ቶዮታ ፕሪየስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የ2010ሩን ፕሪየስ የአሜሪካን መንግሥት ሲመዝነው በአንድ ጋሎን (3.8 ሊትር መሆኑ ነው) በከተማ 51 ማይል፣ በአውራ ጎዳና ግን 48 ማይል ይሄዳል ብሎ ጽፎለታል። ለሌላ መኪና የተለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ይታያል፤ በቀረው ቤንዚን ስንት ማይል መሄድ እንደሚቻል የሚናገር ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ዳኛ እንደ ፈረደው ፍርድ ይቀበለዋል። ቁጥሩ ግን ፍርድ አይደለም፤ ግምት ነው። መኪናው መጀመሪያ፣ ሾፌሮቻችን ሳልቫትዮ በሚሉት የቤንዚን ማጠራቀሚያ ውስጥ በሚንሳፈፍ መለኪያ የቀረውን ቤንዚን ይገምታል። ቀጥሎ ባለፉት ማይሎች በጋሎን ስንት ማይል እንደ ሄደ ያሰላል። ከዚያ ሁለቱን ያባዛቸዋል። ሌላ ጥበብ የለውም። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ይህ ስሌት የተመሠረተው ባለፈው መንገድ ላይ ነው፤ ወደፊት ያለውን ዳገት አያየውም፣ ነፋሱንም አያውቀውም። ስለ መጪው ወንዝ ጠይቀውት ትናንት ስለ ተሻገረው ወንዝ እንደሚያወራ መንገድ መሪ ነው።

ይህን ለመረዳት ከዴንቨር መነሣት ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማው እንደ ወጡ መንገዱ ወደ ሮኪ ተራሮች ይወጣል፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ያጉረመርማል፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥርም ከሄዱት ማይል ይበልጥ እየቀነሰ ይሄዳል። 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስማቸው አይዘንሃወርና ጆንሰን የተባሉ ሁለት መንታ ዋሻዎች አሉ፤ የመጀመሪያው በ1973፣ ሁለተኛው በ1979 ተከፈተ። ርዝመታቸው 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩን የተመለከተ ጀማሪ ነጂ ይደነግጣል፤ ላስ ቬጋስ ቀርቶ ቀኑን የሚያልፍ አይመስለውም። ዋሻውን ወጥተው፣ ቬይል የሚባለውን ሌላ ከፍተኛ መተላለፊያ ተሻግረው መውረድ ሲጀምሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባትሪው ወዲያው ይሞላል፤ ትንሽ ባትሪ ስለ ሆነ የቁልቁለቱን ኃይል ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ሞተሩ ቤንዚን ሳይቀበል መኪናውን ለመያዝ ብቻ ይሽከረከራል። ቁጥሩ በዚህ ጊዜ መቀነሱን ትቶ መጨመር ይጀምራል! ሠላሳ ማይል ተጉዞ ከመነሻው ይልቅ የበለጠ መንገድ ቀርቶኛል የሚል መኪና ማየት ደስ ያሰኛል። ደስታው ግን ከዳገቱ ድንጋጤ የበለጠ እምነት አይጣልበትም። መኪናው ሁለቱንም ጊዜ ያየውን ብቻ ተናገረ፤ አንዱ ዳገት ነበር፣ ሌላው ቁልቁለት።

ከዚህ በኋላ ግሌንውድ የሚባለውን ሸለቆ ያልፋሉ። መንገዱ ከኮሎራዶ ወንዝ ጎን፣ ከገደሉ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የተሠራ ነው፤ ያለቀው በ1992 ሲሆን መሐንዲሶች ዛሬም እያመሰገኑት ይኖራሉ። ቁጥሩን ረስተው ወንዙን የሚመለከቱበት ስፍራ ነው፤ ማደያውም ቅርብ ስለ ሆነ መርሳቱ ጉዳት የለውም። ከዚያ ግራንድ ጀንክሽን ይደርሳሉ፤ 243 ማይል ተጓዙ። ከግራንድ ጀንክሽን በኋላ ተራራው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ዛፍ ይጠፋል፣ ምድሩ ግራጫና ቢጫ ሆኖ ይዘረጋል። 100 ማይል ያህል እንደ ሄዱ ግሪን ሪቨር ናት።

ግሪን ሪቨር ከ1,000 ያነሰ ሕዝብ ያላት፣ በስሟ በሚጠራው ወንዝ ዳር የተመሠረተች ከተማ ናት። በ1869 ጆን ዌስሊ ፓውል የተባለው አንድ እጁን በጦርነት ያጣ መኮንን በጀልባ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታላቁ ገደል የወረደው በዚህ በኩል ነው፤ በስሙ የተሠራ ቤተ መዘክርም በወንዙ ዳር አለ። ከተማይቱ የምትታወቅበት ሌላው ነገር ሐብሐቧ ነው፤ በየዓመቱ በሴፕቴምበር የሐብሐብ በዓል ታከብራለች። ለመንገደኛው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቤንዚኗ ነው።

እንግዲህ መቁረጥ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከዴንቨር ሲነሡ ሳልቫትዮው ሙሉ ስላልነበረ አሁን 3 ጋሎን ቀርቶዎታል እንበል። ከግራንድ ጀንክሽን ወዲህ መንገዱ ለጥ ያለ ስለ ነበር መኪናው በጋሎን 50 ማይል ሲሄድ ቆይቷል። ሰሌዳው ሦስቱን በአምሳ አባዝቶ 150 ማይል ይልዎታል። ሰላይና 105 ማይል ነው። አርባ አምስት ማይል ትርፍ አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች እንሂድ ይላሉ፤ ልጁ ተኝቷል፤ ማደያው ላይ የተጻፈው ዋጋም ግራንድ ጀንክሽን ካዩት በጋሎን 30 ሳንቲም ይበልጣል። ምን ያደርጋሉ?

መንገዱን እንመልከት። ግሪን ሪቨር በ1,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከእርስዋ በስተምዕራብ ሳን ራፋኤል የሚባለው የድንጋይ ግንብ ይቆማል፤ በሩቁ ሲያዩት ተራራ ሳይሆን ለሰልፍ የቆመ ሠራዊት ይመስላል። መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ጥቂት ይወርዳል፣ ከዚያም እንደገና ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 80 ማይል፣ ማለት 129 ኪሎ ሜትር ነው። አየር መኪናን የሚቋቋምበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በ80 ማይል የሚሄድ መኪና በ65 ማይል ከሚሄደው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የሚበልጥ የአየር ግፊት ይገጥመዋል። ነፋሱም በዚያ አገር አዘውትሮ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ ላስ ቬጋስ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይመታዋል። አምስት ሰውና ያ ሁሉ ሻንጣ ይጨመርበት። በእነዚህ ሁሉ ምክንያት መኪናው በጋሎን 34 ማይል ብቻ ሄደ እንበል። ሦስት ጊዜ ሠላሳ አራት 102 ነው። ሦስት ማይል ይጎድላል።

ያን ጊዜ 30 ሳንቲሙ ስንት እንደ ሆነ ያስሉት። እስከ ሰላይና በደኅና ለመድረስ 3 ጋሎን ቢጨምሩ ትርፍ የሚከፍሉት 90 ሳንቲም ነው። ቁጠባ መልካም ነገር ነው፤ በደመወዝ የሚኖር ሰው የሳንቲምን ጥቅም ያውቃል። ነገር ግን በበረሃ መካከል መኪና የሚጎትት ሰው ጠርቶ መክፈል ከዘጠና ሳንቲም ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም። በአሜሪካን ያሉ ሾፌሮቻችን በዚህ ረገድ ጽኑ ናቸው፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ግሪን ሪቨርን ሳይቀዱ አያልፉም። ይህ ደንብ ስሌት ለማያውቅ ሰው የወጣ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የስሌቱን መጨረሻ አስቀድሞ የያዘ ደንብ ነው እላለሁ።

ሲቀዱም ጥቂት ብቻ ቀድተው ቁጥሩ ካልተለወጠ አይደነቁ። ትንሽ ቤንዚን ሲጨመር መለኪያው ላያውቀው እንደሚችል የመኪናዎቹ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ ይናገራል። መኪናው ዘመም ባለ ቦታ ላይ ቆሞ ከሆነም ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ንባቡ ይሳሳታል። ከ2004 እስከ 2009 በአሜሪካን የተሸጠው ፕሪየስ ደግሞ የባሰ ጠባይ ነበረው። የቤንዚኑ ትነት ወደ አየር እንዳይወጣ ተብሎ በሳልቫትዮው ውስጥ እንደ ፊኛ የሚለጠጥ ከረጢት ተደርጎበት ነበር፤ በብርድ ጊዜ ከረጢቱ ስለሚደርቅ የሚይዘው ቤንዚን ይቀንሳል። በክረምት ሞላሁ ያለው ሰው በበጋ ሞላሁ ካለው ያነሰ ቤንዚን ይዞ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

ቀድተው ከወጡ በኋላ መንገዱን በሰላም መመልከት ይችላሉ፤ ሊመለከቱትም ይገባል። መጀመሪያ የሚያገኙት ስፖትድ ዎልፍ የሚባለው ጠባብ የገደል በር ነው። መንገዱ ከመቆፈሩ በፊት መሐንዲሶቹ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሁለቱን ግድግዳ መንካት ይችሉ ነበር ይባላል። ዛሬ አራት መኪና ጎን ለጎን ያልፍበታል። መንገዱ በመጀመሪያ የተከፈተው በ1970 ሲሆን፣ ያን ጊዜ መሄጃውም መመለሻውም አንድ ጠባብ መንገድ ነበር፤ ሁለተኛው ወገን ሙሉ በሙሉ ያለቀው በ1990 ነው። ከበሩ በላይ ቋጥኙ ነጭ፣ ቀይ፣ እንደ ተጠበሰ ቡና ያለ ጥቁር እየሆነ ይፈራረቃል። አንዳንዱ ዓምድ ይመስላል፣ አንዳንዱ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን። በየቦታው ቆሞ መመልከቻ ስፍራ አለ፤ መጸዳጃ ቤትም አለ፤ ቤንዚን ግን የለም። በ1950ዎቹ ዓመታት ዩራኒየም ፈላጊዎች ይህን አገር ቆፍረውት ነበር፤ ዛሬ የሚታየው የድካማቸው ጉድጓድ ነው። ሌሊት ሲያልፉ ከመኪና መብራት በቀር መብራት አይታይም፤ ስልክም በብዙ ቦታ አይሠራም። በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ዝምታው ራሱ ድምፅ አለው።

አሁን ሳይቀዱ የሄዱትን እናስብ። ዳገቱ መካከል ቁጥሩ 20 ይላል፤ ከዚያ 10፤ ከዚያ ዜሮ። ዜሮ ሲል መኪናው ወዲያው አይቆምም። ሠሪዎቹ የሰውን ጠባይ ስለሚያውቁ ከዜሮ በታች ጥቂት ቤንዚን ያስቀራሉ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ዜሮን ይንቃሉ፤ ከዜሮ በኋላ ይህን ያህል ሄድሁ እያሉ በቡና ቤት ይፎክራሉ። የሚቀረው ግን በየመኪናው የተለያየ ነው፣ በሠሪው የተጻፈ ዋስትናም የለውም። ሳልቫትዮ ውስጥ ያለው የቤንዚን ፓምፕ ደግሞ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነውና ባዶውን ማስኬድ ይጎዳዋል።

ሃይብሪድ ለሆነ መኪና ሌላ አደጋም አለ። ቤንዚኑ ሲያልቅ ባትሪው ጥቂት ያስኬዳል፤ ሰውም ኤሌክትሪክ አለኝ ብሎ ይጽናናል። ፕሪየስን በመሰለ መኪና ይህ ጥቂት ማለት በአንድና በሁለት ማይል የሚቆጠር እንጂ ሰላይና የሚያደርስ አይደለም። ያ ባትሪ ደግሞ የቤንዚኑን ሞተር የሚያስነሣው እርሱ ነው፤ ሌላ ማስነሻ ሞተር የለውም። እርሱን አሟጠው የጨረሱ እንደ ሆነ ሰው በጀሪካን ቤንዚን ቢያመጣልዎትም መኪናው ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን ካለቀ ባትሪውን ሳይጨርሱ ከመንገድ ወጣ ብሎ መቆም ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን፣ ቁጥሩ እየጠበበ ሲመጣ፣ ፍጥነትን ወደ 60 ማይል ዝቅ አድርጎ በቀኝ በኩል መጓዝ ብዙ ማይል ይመልሳል። ከኋላ ጡሩንባ የሚነፋ አይጠፋም፤ ይንፋ።

የመጨረሻውን ከፍታ ካለፉ በኋላ በሰላይና ሸለቆ ውስጥ ረዥም ቁልቁለት አለ፤ ቁጥሩም እንደገና ማበጥ ይጀምራል። ሰላይና፣ ስሟ በእኛ ጆሮ ሰላይን ቢያስታውስም፣ የተሰየመችው በአካባቢው በሚገኘው ጨው ነው። እዚህ ሲቀዱ አንድ ልማድ ይጀምሩ። ፓምፑ በራሱ ቀጥ ሲል ይቁሙ፤ አይጨምሩበት። ስንት ጋሎን እንደ ገባና ካለፈው መሙላት ወዲህ ስንት ማይል እንደ ሄዱ በትንሽ ደብተር ይጻፉና ያካፍሉ። መኪናው በጋሎን ይህን ያህል ሄድሁ ብሎ በሰሌዳው ከሚያሳየው ጋር ቢያስተያዩት፣ ብዙ ጊዜ መኪናው ስለ ራሱ ጥቂት አጋንኖ ሲናገር ያገኙታል። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ መኪናዎ በምን ያህል እንደሚያጋንን ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ሲያዩ ቀንሰው ያነብቡታል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስልዎ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የባትሪ መኪና በዝቷል። የእነዚያም ሰሌዳ ላይ ያው ቁጥር አለ፤ የሚያሰላውም ባለፈው መንገድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ወርዶ ቁጥሩ ሲጨምር ያያል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን የጨመረውን ሁሉ መልሶ፣ ከዚያም በላይ ይከፍላል። ድልድዩ ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ የሚነሣ ሰው ደጀን ላይ ሌላ ቁጥር ይጠብቀዋል።

ከሰላይና 56 ማይል ሲሄዱ ኮቭ ፎርት ላይ መንገዱ ያልቅና ወደ ደቡብ በሚወስደው ሌላ አውራ ጎዳና ይታጠፋሉ። ላስ ቬጋስ 240 ማይል ያህል ይቀራታል፤ መንገዱ በጠቅላላው ቁልቁለት ነው፣ ከተማውም ማደያውም በየጊዜው ይገኛል። እዚህ የሚያሠጋው ቤንዚን ሳይሆን ሙቀት ነው። በፕሪየስ ውስጥ ትልቁ ባትሪ አየር የሚስበው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለች ትንሽ መስኮት ነውና ሻንጣና ብርድ ልብስ አይደርድሩባት።

ወደ ዴንቨር ሲመለሱ ስሌቱ ይለወጣል። ነፋሱ ከኋላ ይሆናል፣ ከሰላይና ወደ ግሪን ሪቨር የሚወርደው ከሚወጣው ይበልጣል፤ መኪናዎም ሲሄድ ካሳየዎት የተሻለ ቁጥር ያሳይዎታል። ግሪን ሪቨር ላይ ግን ሳይቀዱ አይለፉ፤ ከግራንድ ጀንክሽን ወዲያ ያ ሁሉ ተራራ አለ። በሴፕቴምበር የሚያልፉ ከሆነም ከሻንጣው አጠገብ ለአንድ ሐብሐብ ቦታ ይተዉ።